ሙሳ ዓሊ ላይ የተጣላሁት ሰው

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ መንገድ ግን አላውቅም። ይህን ጉድ የማውቀው እኔ ብቻ ብሆን ጥሩ ነበር፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ግን የማያውቀው ሰው የለም። ደብረ ታቦር ለሥልጠና ስጠራ አዳራሹን ስፈልግ እቆይና ስደርስ የሻይ ሰዓት ሆኖ አገኘዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁም ከማደሪያዬ ወደ ክፍል የምሄደው የአንዲት ጓደኛዬን ጀርባ እያየሁ ነበር። አንድ ቀን እሷ ጃኬት ቀይራ ኖሮ፣ የእሷን የመሰለ ጃኬት የለበሰች ሌላ ልጅ ተከትዬ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ላይ ተገኘሁ። ተነሥቶ መውጣት ስላሳፈረኝ ስለ ላም ጨጓራ እስከ መጨረሻው ተማርኩ።

ስሜ ሐረገ ወይን ነው። የተወለድኩት ስማዳ፣ ወገዳ አካባቢ ነው። መሆን የምፈልገው ነርስ ነበር። የትምህርት ምርጫ ስንሞላ ጂኦግራፊን መጨረሻ ላይ የጻፍኩት ቦታው ባዶ እንዳይቀር ብዬ ነው፤ የደረሰኝም እሱ ሆነ። አባቴ «ለመሆኑ ምንድን ነው ትምህርቱ?» ሲለኝ፣

«የምድር ትምህርት ነው» አልኩት።

«እርሻ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምድርን ምን ታደርጓታላችሁ?»

«እናውቃታለን» አልኩት። አባቴ ሰው ማሳፈር ስለማይወድ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞረው።

ስመረቅ እስቴ ተመደብኩ። መካነ ኢየሱስ በገባሁ ሰሞን ከመናኸሪያው ወደ ተከራየሁት ቤት ስሄድ ጠፍቼ፣ አንድ አጥር ሥር ቆሜ ስገላመጥ ያገኘኝ እንዳልካቸው ነው። የግብርና ባለሙያ ነው፤ አንድ ቀበሌ አንዴ ከሄደ የፍየል መንገዱን ሳይቀር ይይዛል። ቤቴ ድረስ ሸኘኝ። በማግሥቱም እዚያው ቦታ አገኘኝና ደግሞ ሸኘኝ። ኋላ ላይ ስንጋባ ጓደኞቹ «በየቀኑ ከምትመላለስ አንድ ላይ መኖሩ ይሻልሃል ብለን መከርነው» ብለው ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ እውነታቸውን ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከካርታው ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ አሠልጣኝ መጥቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ማንም ሰው ገብቶ የሚያርመው ነጻ ካርታ እንዳለ አሳየን። ሌሎቹ መምህራን አይተው ረሱት፤ እኔን ግን ያዘኝ። ከሰማይ በተነሣው ምስል ላይ ትምህርት ቤታችንን፣ ገበያውን፣ የባጃጅ ተራውን እየለየሁ ስም እሰጥ ጀመር። በእግሬ ስሄድ የሚጠፋኝ ከተማ ከላይ ሲታይ ወለል ብሎ ታየኝ። ከእስቴ ወደ ስማዳ፣ ከስማዳ ወደ ጋይንት ተሻገርኩ። ዛፍ ከቦት ክብ ጣሪያ ያየሁበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው እያልኩ መስቀል ተከልኩበት። ይህ ሥራ የሰጠኝ ልብ ደግሞ ልክ አልነበረውም። ብዙም ሳልቆይ ሌሎች ያስቀመጡትን ማረም ጀመርኩ። ለካርታው የመረጥኩት የተጠቃሚ ስም «ጂኦ ኤክስፐርት» የሚል እንደነበር ስናገር ዛሬም ጆሮዬን ያቃጥለኛል።

በተከታዩ የካቲት አንድ ቀን ስታፍ ክፍል ውስጥ የታሪክ መምህሩ በላይነህ የግድግዳውን ካርታ እያየ ለፈተና ጥያቄ ያወጣል። በላይነህ ሰውን በጥያቄ ማስጨነቅ የሚወድ፣ ሲያስጨንቅም ፊቱ የማይለወጥ ሰው ነው።

«ሐረገ ወይን፣ እኛ፣ ኤርትራና ጂቡቲ ሦስታችን የምንገናኝበት ነጥብ የት ነው?»

«ሙሳ ዓሊ ተራራ ላይ ነዋ» አልኩ፣ ቀና ሳልል።

«ተራራማ ሰፊ ነው። ነጥብ ነው ያልኩሽ። ተራራው ላይ የት?»

ተነሥቼ ካርታው ዘንድ ሄድኩ። የትምህርት ቤታችን ካርታ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የኖረ ነው፤ ሦስቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ልክ እጥፋቱ ላይ ስለዋለ ተቀዶ ቀዳዳ ሆኗል። በቀዳዳው ውስጥ የግድግዳው ኖራ ይታያል።

«ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ያ ነገ ዓመቱን ሊፈጅ ምንም አልቀረው።

እውነቱን ለመናገር የመሰለኝ፣ ስልኬን ከፍቼ አይቼ በላይነህን አሳፍሬው የምገላገለው ነገር ነበር። የመጀመሪያው የኢንተርኔት ካርታ ሦስቱን መስመሮች በተራራው በአንደኛው ጎን ያገናኛቸዋል። ሁለተኛው ካርታ በሌላ ጎን። ሦስተኛው ላይ ደግሞ መስመሮቹ ጭራሽ አይገናኙም፤ ተቀራርበው ይቆሙና በመካከላቸው የማንም ያልሆነች ትንሽ ሦስት ማዕዘን ትቀራለች። ይህችን ለእንዳልካቸው ሳሳየው አጥብቆ አያትና፣

«እንግዲያው እሷ ላይ ቤት እንሥራ። ሊዝ የሚጠይቀን የለም» አለ።

እኔ ግን ለቀልድ ጊዜ አልነበረኝም። ተራራውን ማጥናት ጀመርኩ። የጉናን ግርጌ ለለመደ ሰው ሙሳ ዓሊ በቁመቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የጉናን ግማሽ ያህል ነው። ምድሩ ግን የማውቀውን ሁሉ አሳጣኝ። የኛ አገር ከላይ ሲታይ እርሻው በእርሻ ላይ የተጣፈ ነው፤ ጅረቱ፣ እርከኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን እያመለከተ ይመራሻል። እዚያ ግን ቡናማ፣ ከቡናማው ቀጥሎ ጥቁር፣ ከጥቁሩ ቀጥሎ ደግሞ ቡናማ ነው። የሚያዝ ነገር የለም። ዓይኔን ከላፕቶፑ ለአፍታ ካነሣሁ የነበርኩበት ይጠፋኛል። በተቀመጥኩበት ስጠፋ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

በእስቴ ብርድ ቤት ውስጥ ፎጣ ደርቤ ያንን በረሃ ሳይ ይሞቀኝ ጀመር። ፎጣውን አውልቄ፣ ውኃ አስቀርቤ መሥራት ለመድኩ። እንዳልካቸው ከሥራ ሲመጣ እኔ ሙሳ ዓሊ ላይ ስለምሆን ወጥ መሥራቱ ወደ እሱ አለፈ። መጀመሪያ ሲያጉረመርም ሰነበተ፤ ኋላ እጁ ሲጣፍጥ ራሱም ገረመው።

እናም አንድ ቅዳሜ ነጭ ነገር አገኘሁ። ከተራራው አናት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በጥቁሩ ድንጋይ መካከል፣ አንዲት ነጭ ነጥብ። ምስሉን እስከሚችለው ድረስ አቀረብኩት። ነጥቧ ጥላ አላት! ጥላ ያለው ነገር ከመሬት የቆመ ነው። በዚያ በረሃ ሰው ካልተከለው በቀር ነጭ ሆኖ የሚቆም ምን አለ? የድንበር ምልክት ነው፤ ሐውልት! እንዳልካቸውን ከጓሮ ጠራሁት።

«ሐውልት ነው እኮ! ታየህ?»

«የጥርስ ሳሙና ጠብታ ነው የሚመስለው» አለ፤ ስክሪኑንም በጣቱ ፈተገው። አልለቀቀም።

በዚያው ሰዓት በነጻው ካርታ ላይ የሦስቱን አገሮች መገናኛ አንሥቼ ነጯ ነጥብ ላይ አሳረፍኳት። ሰኞ ዕለት ለስታፉ ተናገርኩ። በላይነህ እንኳ ከሚያርመው ወረቀት ቀና አለ። ርእሰ መምህሩ ደስ ብሎት፣ ማክሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ላይ ለተማሪዎቹ እንድናገር ጋበዘኝ። ተናገርኩ። ማይኩን ይዤ፣ «ከዚህች ከእስቴ ሆነን የአገራችንን ጫፍ በእጃችን ልንነካ እንችላለን» አልኩ። ጭብጨባው ረዥም ነበር። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ እንደነበርና ንግግሬ ግማሹን እንደበላላቸው ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ረቡዕ ካርታውን ስከፍት ነጥቤ የለችም። አንድ ሰው አንሥቶ ወደ ተራራው ጫፍ መልሷታል። ከሥሩም በእንግሊዝኛ «ሐውልት አይደለም። ጫፉ ነው።» የሚል አጭር ነገር ጽፏል። ስሙ የላቲን ፊደላት ብቻ ነው፤ ኬ፣ ደብሊው፣ ዜድ፣ ቢ።

ወደ ነጯ ቦታ መለስኳት። በማግሥቱ ወደ ጫፉ መለሳት። እኔም መለስኩ። እሱም መለሰ። በትምህርት ቤቱ ኔትወርክ ሲጠፋ እሱ ያሸንፋል፤ ኔትወርክ ሲመጣ እኔ እበቀላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እሱ ለቀናት ይጠፋና ድል ያደረግሁ ይመስለኛል፤ ከዚያ ብቅ ይልና ያንኑ አጭር ነገር ይጽፋል።

«ማን ሊሆን ይችላል?» አልኩት በላይነህን።

ፊደላቱን ደጋግሞ አነበበ። «የመሥሪያ ቤት ስም ይመስላል። የውጭ የስለላ ድርጅት ቢሆንስ?»

እየቀለደብኝ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። ጠላቴን በሐሳቤ ሣልኩት፤ መላጣ፣ መነጽር ያደረገ፣ ቀዝቃዛ ቢሮ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ጣልያን። ለምን ጣልያን እንዳደረግሁት አልጠየቅሁም፤ በቃ ጣልያን ሆነ። ስታፍ ክፍል ስገባ «ጣልያኑስ?» ይሉኛል። እኔም «ትናንት ማታ ደግሞ ገፋኝ፤ ዛሬ ጠዋት መለስኩት» እላለሁ፣ የጦር ግንባር ዘገባ እንደሚያቀርብ ሰው። ክፍል ውስጥም ስለ ድንበር ሳስተምር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዲት ተማሪ ትምህርቱ ሲያልቅ መጥታ «መምህርት፣ አይዞዎት» ብላኛለች።

ጠቡን ያበቃው ሦስተኛ ወገን ነው። የካርታው ኃላፊዎች ሁለታችንንም በአንድ ቀን አገዱን። የላኩልን መልእክት ቁጣ የለበትም፤ ሕፃናት እንደሚገላግል ሰው ነው የጻፉት። ነጥቡን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ማንንም እንደማይጠቅም፣ ለጊዜው ከማረም እንደታገድን፣ እስከዚያው እርስ በርስ ብንነጋገር እንደሚሻል ይመክራል። አገሬን በመከላከሌ ታገድኩ ብዬ አንድ ሙሉ ከሰዓት አኮረፍኩ። ከዚያ መዝገበ ቃላት አውጥቼ ለጣልያኑ በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት። ክቡር ሆይ ብዬ ጀምሬ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የሙያ ሥልጠና እንዳለኝ፣ የጥላውን አቅጣጫ ማጥናቴን፣ የእሱ አቋም ግን በምን ላይ እንደተመሠረተ እንዳልገባኝ ገልጬ፣ «ሐረገ ወይን፣ የጂኦግራፊ መምህርት፣ ኢትዮጵያ» ብዬ ፈረምኩ።

መልሱ የመጣው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። በአማርኛ ነበር።

«ይድረስ ለእኅቴ ለመምህርት ሐረገ ወይን። እንደምን ሰነበቱ። እንግሊዝኛዎ የጠነከረ ስለሆነ ሁሉንም አልዘለቅሁትም፤ ኢትዮጵያዊት መሆንዎን ግን ከስምዎ ተረድቼ በእጅጉ ተደነቅሁ። እስካሁን የውጭ አገር ሰው ይመስሉኝ ነበር። ቤተ ልሔምን አንሥተው ከወንዝ ማዶ ገደል አፋፍ ላይ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎትና፣ የአገር ሰው ይህን ያደርጋል ብዬ አልጠረጠርኩም። ቤተ ክርስቲያናችንን ወደ ቦታዋ ከመለስኩ በኋላ ሌላም ያበላሹት ይኖር እንደሆን ብዬ የእጅዎን ሥራ እየተከተልኩ ሳርም፣ ሳላስበው ሙሳ ዓሊ ደረስኩ። ቀለመ ወርቅ፣ ዘቤተ ልሔም፤ ጋይንት።»

ኬ፣ ደብሊው፣ ዜድ፣ ቢ። ቀለመ ወርቅ ዘቤተ ልሔም።

እንዳልካቸው ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ያነብ ነበር። «ገደል አፋፍ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን ወዲያው አልሳቅሁም። ያ ሁሉ የጦር ግንባር ዘገባ፣ ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ትዝ እያለኝ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ጣልያኔ የጋይንት የድጓ መምህር ሆኖ ተገኘ።

ስልክ ቁጥራቸውን ጠይቄ ደወልኩ። ድምፃቸው ወፍራምና የጠራ ነው፤ ዜማ ያሳደገው ድምፅ እንደሆነ ያስታውቃል። ይቅርታ ስጠይቃቸው አላስጨረሱኝም።

«ኧረ ምን ሲደረግ! ማን ያልተሳሳተ አለ? ይልቅስ ትምህርት ሲዘጋ ይምጡና ቦታውን በዓይንዎ ይዩት። የሙሳ ዓሊን ነገርም ተቀምጠን እንጨርሰዋለን። እኔ ግን ጫፉ ላይ ነኝ፤ አልወርድም።»

የጥር ዕረፍት ሲደርስ ተነሣሁ። እንዳልካቸው አብሬሽ ልሂድ ቢለኝ እንቢ አልኩ፤ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፣ ደግሞም ካርታው ስልኬ ላይ ተጭኗል። ከመካነ ኢየሱስ በአውቶቡስ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በሚኒባስ ጉናን በብርዱ አልፌ ንፋስ መውጫ ደረስኩና አደርኩ። ጠዋት ወደ ታች ጋይንት በምትወርድ መኪና ተሳፈርኩ። ረዳቱ አንድ ቦታ ላይ «ለቤተ ልሔም የሚሄድ እዚህ ይውረድ» ሲል፣ ስልኬን አየሁና «የኔ ገና ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ወረዱ።

ስልኬ ባለኝ ቦታ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ኔትወርክ አልነበረም፤ ካርታው ግን ቀድሜ ያወረድኩት ስለሆነ ይሠራል። የታጨደ የስንዴ ማሳ አልፌ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ፣ ቀይ መስቀሉ እየቀረበ ሲመጣ ደስታዬ ጨመረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳልጠይቅ አንድ ቦታ ልደርስ ነው! ስልኬ ደርሰሻል ሲለኝ ቀና አልኩ። ፊት ለፊቴ አየር ነው። ከእግሬ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። ከወንዙ ማዶ፣ ሩቅ፣ ዛፍ የከበበው ቤተ ክርስቲያን።

እዚያው አጠገብ ሣር የምታጭድ ሴት ነበረች፤ ኋላ ስሟ ዘነበች መሆኑን ነግራኛለች። ማጭዷን ይዛ ቀና አለች።

«እቴ፣ ወዴት ነሽ?»

«ቤተ ልሔም ነበርኩ።»

«ቤተ ልሔምማ ያውልሽ» አለች በማጭዷ ወደ ማዶ እያመለከተች። «ወዲህ ምን አመጣሽ?»

«ካርታው ነው ያመጣኝ።»

«የማን ካርታ ነው እንዲህ ገደል የሚሰድ?»

ለማለት የቻልኩት «የኔ ነው» ብቻ ነበር። ስልኬ ላይ ያለው፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከማረማቸው በፊት፣ ልቤ ልክ ባጣበት ሰሞን ያወረድኩት ካርታ ነው። ሰው ለሌላው የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ፤ እኔ ግን የራሴን ገደል ቤተ ክርስቲያን ብዬ ሰይሜ ነው የመጣሁበት።

ዘነበች ጥያቄ አላበዛችም። ሣሯን አስቀምጣ ቁልቁለቱን እስከ ወንዙ አወረደችኝ፤ ከወንዙ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ አሳይታኝም፣ «አሁን እሱን ዕቃ እጅሽ አትያዢው፤ እግርሽን እያየሽ ውጪ» ብላ ተመለሰች። እንዳለችኝ አደረግሁ።

ስደርስ ቀኑ ወደ ማዘንበሉ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተማሪዎቹ ጎጆዎች አሉ፤ ከየጎጆው ደጃፍ ድጓ እየተዜመ ነው። አንዱ ያነሣውን ሌላው ይቀበላል፤ አንዱ ሲሳሳት ከሌላ አቅጣጫ የሚያርም ድምፅ ይመጣል። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዛፍ ሥር ፍየል ቆዳ ላይ ተቀምጠው አንድ ተማሪ ዜማ እያስከተሉ ያስቀጽላሉ። መላጣ አይደሉም፤ ጥምጥም አድርገዋል። መነጽር ግን አላቸው። በዚያች አንዲት ነገር እንኳ ስላልተሳሳትኩ ተጽናናሁ። አጠገባቸው በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ ከስልካቸው ጋር ተያይዞ ተቀምጧል።

«በዚህ በኩል መጡ?» አሉኝ፣ ወደ ገደሉ አቅጣጫ እያዩ።

«በዚያ በኩል ነው የመጣሁት፣ የኔታ።»

ሳቁ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። ዳቦና ጠላ አስቀረቡልኝ። ካርታ ውስጥ እንዴት እንደገቡም አጫወቱኝ። ድጓ ሊማሩ ከሩቅ አገር የሚመጡ ተማሪዎች በስልካቸው ቤተ ልሔም ብለው ሲፈልጉ ሌላ ቤተ ልሔም እየተመሩ ይንከራተቱ ነበር። አንደኛው ተማሪ ስንቁን ጨርሶ ከደረሰ በኋላ መሪጌታ ተናደዱና፣ ንፋስ መውጫ ወርደው ካርታ ማረም ተማሩ። ቦታውን አስተካክለው ጥቂት እንደተነፈሱ ጂኦ ኤክስፐርት መጣች።

ከምግብ በኋላ ወደ ጉዳያችን ገባን። እኔ ላፕቶፔን፣ እሳቸው ስልካቸውን ይዘው ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ሐውልትዎን ያሳዩኝ» አሉ።

አሳየኋቸው፤ ስለ ጥላውም አስረዳሁ። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ በስልካቸው ያስቀመጡትን የዚያኑ ቦታ ሌላ ምስል ከፈቱ፤ በሌላ ዓመት የተነሣ ነው። ድንጋዩ ያው፣ ስንጥቁ ያው፣ ነጯ ነጥብ ግን የለችም። ሌላ ዓመት ከፈቱ። የለችም።

«ሐውልት ይራመዳል እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

ድንኳን ትሁን፣ ነጭ መኪና ትሁን፣ የተኛች ግመል ትሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔ ግን በሰንደቅ ዓላማ ፊት ሐውልት ብዬ ያስጨበጨብኩላት እሷ ናት። ሆኖም የስማዳ ሰው ነኝ፤ ዝም ብዬ አልወድቅም።

«የእርስዎስ ጫፍ፣ የኔታ? ጫፍነቱ በምን ታወቀ?»

«ከፍ ብሎ ይታያላ!»

«የሚታየው ፀሐይ ስለመታው ነው። ቁመቱን እንየው።» የከፍታ መረጃ ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ነበር። የእሳቸውን ነጥብ ለካን። ከዚያ ከጎኑ ያለውን፣ ጥላ ያረፈበትን ሌላ ጉብታ ለካን። የተራራው አናት አንድ ሹል አይደለም፤ ጉብታዎች ያሉበት ሰፊ ነገር ነው፤ ጥላ ያረፈበትም ከእሳቸው ጫፍ ይበልጣል።

መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ አድርገውም ደግመው አዩ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔም ወደቅሁ።»

ያኔ ነው ሁለታችንም የሳቅነው። እሳቸው በሳቅ መካከል «ለመሆኑ እርስዎ በረሃ ያውቃሉ?» አሉኝ። አላውቅም፤ በጣም የሞቀኝ ቦታ ባሕር ዳር ነው። እሳቸውም ከበሽሎ ቆላ አልፈው አያውቁም። ሁለት ደገኞች፣ አንዱ በጥምጥም፣ አንዷ በፎጣ፣ በእግራቸው ያልረገጡትን በረሃ ዓመቱን ሙሉ ሲጓተቱበት ከርመዋል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሚያሳፍረኝን ያህል ደስ አለኝ። ያንን ምድር እንደኔ የሚያውቅ፣ የቱ ስንጥቅ የት እንደሚታጠፍ በቃሉ የሚነግረኝ ሌላ ሰው ከዚያ በፊት አግኝቼ አላውቅም ነበር። ስታፍ ክፍል ውስጥ የሚጠይቁኝ ለመሳቅ ነው፤ እኒህ ሰው ግን የምር ተጣልተውኛል።

ነጥቡን የት እናስቀምጠው? ያገኘናቸው ጽሑፎች የተራራውን ስም ይጠራሉ፤ የቱ ድንጋይ እንደሆነ የሚናገር ግን እኛ አላገኘንም። እኔ አዲሱ ጉብታ ላይ እናድርገው አልኩ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መጽሐፍ ሲተረጐም መምህሩ አንዱን ብሎ ደጁን አይዘጋም፤ አንድም ይልና ሁለተኛውን ያመጣል። እኛም እንደዚያ እንበል። ነጥቡን ከፍ ባለው ጉብታ ላይ እናኑረው፤ ከሥሩ ግን አንድም ይህ ነው፣ አንድም ያ ነው ብለን እንጻፍ። እርግጠኛ ሳንሆን እርግጠኛ መምሰል ነው ያጣላን።»

ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ የመጻፉ ሥራ ለኔ ደረሰ። «አንድም»ን የሚተካ ቃል ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ፤ በመጨረሻ «ወይም» በሚለው ቃላቸው ጻፍኩት። መሪጌታ ትርጉሙን ሲሰሙ «ቀጠነ» አሉ፤ ግን ፈቀዱ። እገዳችን ተነሥቶ ስለነበር የቀረው መላክ ብቻ ነው፤ ለመላክ ደግሞ ኔትወርክ የለም። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጣን። አናቱ ላይ ስልካችንን ወደ ሰማይ ዘርግተን ወዲያና ወዲህ ስንዞር፣ ከብት የሚመልስ ሰው ከሥር ቆሞ ያየን ነበር። ምን እንደመሰልነው እግዚአብሔር ይወቅ። ማስታወሻው ሲላክልን መሪጌታ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

መካነ ኢየሱስ ስመለስ ስታፉ ይጠብቀኝ ነበር። በላይነህ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣

«ጣልያኑስ?» አለ።

«ጋይንት ነው የሚኖሩት። ድጓ ያስተምራሉ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሳቅ እስከ ግቢው በር ተሰማ። ታሪኩን ከነገደሉ ነገርኳቸው፤ ምንም አላስቀረሁም። ሲስቁ አብሬ ስለሳቅሁ ይሆናል፣ በላይነህ ወንበር ሳበልኝ። «ፈተናው ላይ ያንን ጥያቄ አላወጣውም» አለ። «መልሱ አንድ ገጽ ይሆናል።»

ማስታወሻችን እስካሁን አለ። አንድ ሌላ ሰው መጥቶ ሊሰርዘው ሞክሮ ነበር፤ መሪጌታና እኔ በአንድነት ተነሥተን በጨዋ ቃል መለስነው። በየጊዜው እንደዋወላለን። እንዳልካቸው ስልኩ ሲጮህ ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ሳይጠይቀኝ ወደ ወጡ ይሄዳል። በዚህ ሰሞን መሪጌታ የደወሉት ስለ ግብፅ፣ ሊቢያና ሱዳን መገናኛ ነው። እዚያ መስመሮቹ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቀጥ ብለው የተሰመሩ ስለሆኑ የሚያጣላ ነገር የለውም አሉኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ አየሁት።

«የኔታ» አልኳቸው፣ «እኔ እንኳ አልተስማማሁም።»

«ይሁን» አሉ፤ ድምፃቸው ደስ ብሎታል። «ይጀምሩ እስቲ፣ እሰማለሁ።»